እናቴ የልጄን ክንድ የምትይዘው ለምን ነበር

የአሜሪካ ሐኪም ለልጄ ያወጣላት ልክና የእናቴ እጅ የሚያወጣላት ልክ ተስማምተው አያውቁም።

ቨርጂኒያ በየዓመቱ ለምርመራ ስንሄድ ነርሷ ክብደቷንና ቁመቷን ትለካና ኮምፒውተሩ የሁለቱን ምጣኔ መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። በዕድሜዋ ካሉ 100 ሴት ልጆች 85ቱን ካለፈች ከልክ በላይ ከብዳለች፣ 95ቱን ካለፈች ደግሞ ውፍረቱ በሽታ ነው ይባላል። ልጄ 13 ዓመት ሲሞላት 85ን አለፈች። ሐኪሟ በደግ ቃል ነው የነገረችን፤ ለስላሳ ቀንሱ፣ በእግሯ ትሂድ አለች። ስኳር በሽታ በዘራችን ስላለ ምክሩን ከልቤ ተቀበልኩ። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፊ ሹራብ ለብሳ በሙቀትም አላወልቅ አለች።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ልብወለድ አንብቡ ተባሉ። ስለ አንዲት ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ስላለች ወፍራም ልጅ ነው። እናትየዋ ብስኩቱን ትደብቃለች፣ የልጅቱን ጉርሻ ትቆጥራለች፣ ቀጭኗን እህት እንግዳ ፊት ታሞግሳለች። ማታ ማታ አብረን እናነበው ነበር። ልጄ ያቺን እናት አምርራ ጠላቻት።

እናቴ ዘንድ ደሴ የገባነው በ2011 ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ በራችን ስለሚወርድ ሹራቧን ማንም ልብ አላለውም፤ ውስጡ ያለውን ግን ሁሉም አየ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ገና ከመኪና ስትወርድ «ውይ! ሰው ሆነሽ የለ እንዴ፣ አሜሪካ ተስማምቶሻል!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ጎረቤቱም ተራ በተራ እየመጣ ይህንኑ አለ። ምርቃት ነው፤ ልጄ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

እናቴ ምንም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሊቀርብ ሲል የልጄን ክንድ ከሹራቡ በላይ በአውራ ጣቷና በመሃል ጣቷ ጨበጥ አድርጋ ያዘች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ቅቤው መሃሉ ላይ የተንጣለለበትን ገንፎ አቀረበችላት። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።» በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ፤ ክንድ ትይዛለች፣ ከዚያ ታበላለች። ጭኮው እስከ ከሰዓት ይከተላታል።

አንድ ማታ ልጄ «እማዬ፣ የመጽሐፉ እናት ምግብ ትደብቃለች፣ እማማ ደግሞ ታጎርሰኛለች። ሁለቱም ግን እኔን አይጠይቁኝም» አለችኝ። ያሰብኩት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ራሷን እንድትጠይቃት ነገርኳት።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ክንዴን የምትይዢው ለምንድን ነው?» እትዬ በዓይኗ ቆነጠጠቻት። እናቴ ሲኒዋን አስቀምጣ እኔም ሙሉውን ሰምቼው የማላውቀውን ተናገረች።

የቆቦ ቆላ ሰው ነች። ዝናቡ ሲቀር፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ዳገቱን ወጥታ የረሃብተኞች መጠለያ ወደነበረባት ኮረም ገባች። ዓለም ኮረምን ያወቃት በጥቅምት 1977 ቢቢሲ ሲያሳያት ነው፤ እናቴ ቀድማ እዚያ ነበረች። ኮረም ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ከረሃቡ እኩል የሌሊቱ ብርድ ቆላ የለመደውን ሰው ጨረሰው። ምግቡ ለሁሉ ስለማይበቃ ሕፃናቱ ይለያሉ። ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ ሰልፉ ሲበዛ ክንዳቸው ላይ መለኪያ ይጠመጠማል። ክንዱ የቀጠነ ፋፋ ወደሚሰጥበት ይገባል፤ ትንሽ የተሻለው ይመለሳል።

«ልጄን ደህና ነው አሉኝ» አለች እናቴ። «እኔ በእጄ ይዤው እየቀለለ መሆኑን አውቃለሁ። ደህና ነው ብለው መለሱኝ።» ሳምንት አልቆየም።

ወንድም እንደነበረኝ አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ ግን አላውቅም ነበር። እኔና እትዬ የተወለድነው ከእሱ በኋላ ነው። የእኛም ክንድ በዚያች እጅ ሲያዝ ነው ያደግነው፤ ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ልጄ እያለቀሰች የሐኪሟን መስመር ነገረቻት፤ ቁጥሩን፣ 85ን፣ ሁሉንም። እናቴ በጥሞና ሰማቻትና «ያኔም በልክ ነው የለዩን» አለች። ቁጥርን ለምን እንደማታምን ያን ጊዜ ገባኝ፤ ልክ ነሽ ልላት ግን አልቻልኩም፤ የልጄ ሐኪም ልጅ ከምግብ የምትመልስ ሰው አይደለችም፣ የስኳሩ ስጋትም እውነት ነው። ልጄ ግን ከእኔ ቀድማ «እማማ፣ እኔ እኮ እሱን አይደለሁም» አለቻት። ክፋት አልነበረውም፤ እንደዚያ ብሎ ለእናቴ የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ «ልያዝሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ልጄ አንዳንዴ ክንዷን ትሰጣታለች፣ አንዳንዴ «ዛሬ ይቅር» ትላለች። እትዬ እስከዛሬ አልተዋጠላትም። «ልጅ ክንዷን ለአያቷ ትከለክላለች?» ትለኛለች። ትከለክላለች እላለሁ። የእናቴ ሐዘን የእኔም ሐዘን ነው፤ በልጄ ገላ ላይ ግን በየጠዋቱ መመዘን የለበትም። ሐኪሟንም ስለ ክብደት የሚወራው መጀመሪያ ልጄን አስፈቅዶ እንዲሆን ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።

ስንመለስ ልጄ ስለ ልብወለዱ ለትምህርት ቤት ጻፈች። ጽሑፏን በስልክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለእናቴ አነበብኩላት። ስጨርስ እናቴ ስለ ልጅቷ አንድም አልጠየቀች። «ያቺ ብስኩት የምትደብቀው እናት ምን አግኝቷት ነው?» አለች። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ መጽሐፉ እንደማይናገር ነገረቻት። «አይናገርም? ታዲያ እንዴት ጠላሻት?» ልጄ ይቅርታ እንደማታደርግላት፣ እናቴም ሳይሰሙ መፍረድ እንደማይገባ፣ በየእሑዱ ስንደውል እየተከራከሩ አሉ።