የእጅ ሥራ ክፍል ሲጸዳ የሚወጣ የቡና ዕቃ፦ በ1፡12 ልኬት እስካሁን የተደረሰበት

ክፍል ማጽዳት ሲጀመር ክሩን ከክር፣ እንጨቱን ከእንጨት፣ ወረቀቱን ከወረቀት መደርደር የተለመደ ነው። ለአሻንጉሊት ቤት ዕቃ ለሚሠራ ሰው ግን ይሄ አደራደር ብዙም አይረዳም። ቁርጥራጩ መለየት ያለበት በውፍረቱ ነው። አንድን ትንሽ ዕቃ የሚያሳብቅበት ከቀለሙም ከቅርጹም በላይ ውፍረቱ ነውና። በ1፡12 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 12 ጊዜ አንሶ ሲሠራ፣ ዳሩ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኒ በእውነተኛው መጠን ዳሩ 1.2 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ስኒ ማለት ነው፤ እንዲህ ባለው ስኒ ቡና የጠጣ የለም።

ስለዚህ አራት ሣጥን ይበቃል፦ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች፣ ከግማሽ እስከ 1፣ ከ1 እስከ 2፣ ከዚያ በላይ። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለግድግዳና ለወለል ካልሆነ አይረባም፤ ብዙ ቦታ የሚይዘውም እሱ ስለሆነ እሱን ማስወጣት ብቻውን ግማሹን ክፍል ያስለቅቃል።

ልኬቱ 1፡12 ነው። በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የተሠራው በዚሁ ነው፤ ተሠርቶ የሚሸጠው በርና መስኮትም በብዛት የሚገኘው በዚሁ ልክ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እውነተኛውን ዕቃ በሴንቲ ሜትር ለክቶ ለ1.2 ማካፈል፣ መልሱ በሚሊ ሜትር ይወጣል። 24 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ጀበና 20 ሚሊ ሜትር፣ አፉ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስኒ 5 ሚሊ ሜትር፣ 48 በ36 የሆነ ረከቦት 40 በ30 ይሆናል። ለባርቢ የሚሠራ ሰው ሁሉንም እጥፍ ያድርገው፤ የእሷ ልኬት 1፡6 ነው።

ረከቦት (ተሠርቶ አልቋል)። የአይስክሬም እንጨት ወርዱ 10፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲጋጠሙ 30 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የረከቦቱ ወርድ ሆነ። ክብ ጫፉ ተቆርጦ ይጣልና እያንዳንዱ 40 ሚሊ ሜትር ይደረጋል። በከተር አንዴ ተጭኖ መቁረጥ እንጨቱን በስንጥቁ አቅጣጫ ይወስደዋል፤ በቀላሉ አምስት ስድስት ጊዜ ማመላለስ ይሻላል። ለእግር የ3 ሚሊ ሜትር የጥብስ ስንጥር፣ አራት ባለ 18 ሚሊ ሜትር። ለዙሪያው ክፈፍ ያንኑ እንጨት በቁመቱ ሰንጥቆ 4 ሚሊ ሜትር ከፍታ መስጠት።

ቀለሙ ከማጣበቁ በፊት መቀባት አለበት። ነጭ ኮላ የነካው እንጨት ቀለም አይጠጣም፤ ኋላ በየመገጣጠሚያው ነጭ ነጭ ነጥብ ይቀራል፣ ብርጭቆ ወረቀትም አያስለቅቀውም። በወፍራም ቡና መንከርም ይሠራል፣ ግን ፈዘዝ ያለ ነው፤ የጠቆረ ረከቦት የሚፈልግ በውኃ የቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ይጠቀም።

ስኒና ጀበና (ስኒው አልቋል፣ ጀበናው እጀታ ይቀረዋል)። ሁለቱም ከፖሊመር ክሌይ (በምድጃ ሲጋገር ከሚጠነክር የፕላስቲክ ጭቃ) ናቸው። ነጩ ይቅደም፤ ጥቁሩን ከነኩ በኋላ በእጅ ላይ የቀረው ቅንጣት ነጩን ያበላሸዋል፣ እጅ መታጠብም ሁልጊዜ አይበቃም።

ስኒዎቹ እኩል እንዲሆኑ በዓይን መመጠን አያዋጣም። ክሌዩን 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ዘንግ እስኪሆን አድበልብሎ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መቁረጥ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ስኒ ነው። ቁራጩ ይድበለበልና ራሱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ ኳስ ስፒል ላይ ተጭኖ ዳሩ በጣት ይሳባል። ስፒሉ አስቀድሞ የበቆሎ ስታርች ካልነካ ስኒው አይላቀቅም። ከነስፒሉ ስለሚጋገር ራሱ የብረት ወይም የመስታወት ይሁን፤ የፕላስቲኩ በሙቀት ይቀልጣል። ቁመቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ዳሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ከዚያ በታች ማሳሳት ይቻላል፣ ግን ሲላቀቅ ይቀደዳል።

ለጀበናው 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ድቡልቡል ለሆዱ፣ በሽቦ ላይ የተጠቀለለ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ዘንግ ለአንገቱ። ሽቦው ሆዱን ዘልቆ መግባት አለበት፤ በግንኙነት ብቻ የተያዘ አንገት ሲነካ ይነቀላል። እጀታው ሌላ ጣጣ ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍር ውስጡ ቀጭን ሽቦ ይፈልጋል፣ ሆድና አንገቱ አንዴ ከተጋገሩ በኋላ በፈሳሽ ክሌይ ተጣብቆ ሁለተኛ ይጋገራል። በአንዴ ልጨርስ ያለ ሰው እጀታውን ሲያስተካክል ሆዱን ይጨፈልቃል።

ሙቀቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነው፤ እንደ ዓይነቱ 110 ወይም 130 ዲግሪ አካባቢ፣ ለ30 ደቂቃ። የምድጃው ቁጥር አይታመንም፣ ቴርሞሜትር ውስጡ ይቀመጥ። ነጩ ስኒ በአሉሚኒየም ፎይል ካልተሸፈነ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ክሌይ ከተቃጠለ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው፤ ምድጃውን አጥፍቶ መስኮት መክፈት።

ቫርኒሽ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ስኒ ያብረቀርቃል፣ ጀበና ግን አያብረቀርቅም። የሸክላውን መልክ የሚሰጠው በብሩሽ የተነካካ የቡናማ ጠመኔ ዱቄት ነው፤ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ ጀበና ፕላስቲክ ይመስላል።

መሶብ (ክዳኑ በሥራ ላይ)። ወርዱ 40፣ የክዳኑ ከፍታ 25 ሚሊ ሜትር። ከቀጭን ካርድ ራዲየሱ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ይቆረጥና 225 ዲግሪው ይወሰዳል፣ ተጠቅልሎ ሾጣጣ ይሆናል። ላዩ ላይ የሚጠቀለለው የተገመደ የጥልፍ ክር ነው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር፤ ያልተገመደው ይዘረጋና የስፌቱ መስመር ይጠፋል። ለክዳኑ ብቻ 4 ሜትር ያህል ይበላል። መጀመር ያለበት ከሹሉ ጫፍ ነው። ሾጣጣ ላይ የተወጠረ ክር ወደ ጫፉ ይንሸራተታል፤ ከላይ ከተጀመረ ቀድሞ የተጠቀለለው ይገታዋል፣ ከታች ከተጀመረ የሚይዘው የለም። ኮላው በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በስቴኪኒ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ ከበዛ ካርዱ ይለሰልሳል፣ በክሩ መሃል ወጥቶም ያብለጨልጫል። በዚህ መንገድ የሚወጣው አግድም ቀለበት ብቻ ነው። የአለላውን ሦስት ማዕዘን የሚፈልግ ክሩ ከደረቀ በኋላ በአክሪሊክ አንድ አንድ ዙር እየቆጠረ ይቀባ።

ፈንዲሻው ከተፈረፈረ ስታይሮፎም ነው፤ ፍርፋሪው ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ጥቂቱ ላይ የቢጫ ጠብታ። ሱፐር ግሉ ያቀልጠዋል፣ ነጭ ኮላ ብቻ። በወረንጦ ለመያዝ መታገል ዋጋ የለውም፣ ጫፉ በረጠበ ስቴኪኒ ይነሳል።

ወደ ጽዳቱ፦ ያልተጋገረ ክሌይ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ሣጥን አይቀመጥም፤ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ፕላስቲኩን ያሟሟውና ሁለቱ ይጣበቃሉ። ከሥሩ 5 ቁጥር ያለበት ሣጥን ደህና ነው፣ 6 ቁጥር ያለበት አይሆንም። በተራ ወረቀት የተጠቀለለው ደግሞ ዘይቱ ተመጥጦ ይደርቃል። የጠነከረ ክሌይ ከተገኘ ተከትፎ ሁለት ሦስት ጠብታ የሕፃን ዘይት ይደረግበት፤ ከታሸ በኋላም አሁንም የሚፈረፈር ከሆነ መስኮት ዳር ፀሐይ አብስሎታል ማለት ነው፣ ይጣል።

የቀሩት ማቶት፣ የእጣን ማጨሻና ማንደጃ ናቸው። ማቶቱ ከመሶቡ ክር ትርፍ ይወጣል፦ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የሽቦ ቀለበት ላይ መጠቅለል። ለከሰሉ የተሰበረ የስዕል ከሰል ተመርጧል፤ እውነተኛ ከሰል ስለሆነ ስብራቱ ልክ ነው፣ ግን እጅን ስለሚያጠቁር ማንደጃው ውስጥ ከገባ በኋላ በቀጠነ ኮላ መታሰር አለበት። ፍሙን በብርቱካናማ ቀለም ከላይ መቀባት ሐሰት ሆኖ ይታያል፤ ከሥር፣ በከሰሎቹ ክፍተት ውስጥ ነው መግባት ያለበት።