አንቀጽ 40ን የሚነካ ጉባኤ ከተጠራ

ሕገ መንግሥቱ እንደገና ይጻፍ፣ የሚያጸድቀው ጉባኤ ይጠራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚሟገተው ስለ አንቀጽ 39፣ ስለ ብሔሮች እስከ መገንጠል መብት ነው። እኔ አቃቂ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ጽፌ ነው የማድረው፤ ቀን በቀን የሚያጋጥመኝ አንቀጽ 40 ነው። መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ንዑስ 4 ገበሬው ከይዞታው አይነቀልም ይላል፤ ንዑስ 8 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ የግል ንብረትን መውሰድ ይችላል ይላል። መሬቱ የገበሬው የግል ንብረት ስላልሆነ ካሳው የሚሰላው በላዩ ላይ ላለው ነው፤ ለቤቱ፣ ለባሕር ዛፉ፣ ለሰብሉ። የደንበኞቼ እንባ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቀደም ከቱሉ ዲምቱ በኩል አንዲት እናት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አራት ቦታ የታጠፈ የመሬት ግብር ደረሰኝ አወጡ፤ ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ጠፍቷል። ጽፌ ሳነብላቸው አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ይኼን ሕግ ሲያወጡት ከእኛ ሰፈር ማን ነበር?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ረቂቁን ያዘጋጀው በአቶ ክፍሌ ወዳጆ የሚመራው ኮሚሽን ነው። ግንቦት 1986 የጉባኤው አባላት ተመረጡ፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ስላልገቡበት አብዛኛውን ወንበር ኢሕአዴግ ያዘ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ጥያቄያቸው ግን እንዳልተመለሰ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

አሁን ጉባኤ ይጠራ የሚሉ ሁሉ ሕገ መንግሥቱ እንዴት እንደሚሻሻል የሚናገረውን አንቀጽ 105ን ያንብቡ። እንዲህ ያለ ጉባኤ እዚያ የለም። አንቀጽ 40 ያለበት ምዕራፍ ሦስት የሚሻሻለው የክልል ምክር ቤቶች በሙሉ በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁት፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ጉባኤ የሚመጣው በፖለቲካ ስምምነት ከሆነ፣ ስምምነቱ ውስጥ ገበሬው ከመጀመሪያው ይግባ።

ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 ሲጽፉ ሕዝቡን ሐሳብህን ላክ አሉት፤ የአቤቱታ ፊርማውን ጨምሮ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ አስተያየት ደረሳቸው። ያም ሆኖ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤታቸው የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሶ አሳርሞታል። እኛም ዘንድ አዳራሹ ስድስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ ብቻ አይሁን። የጉባኤው ሰዎች ዱከም፣ ሰበታ፣ ሰንዳፋ ድረስ ይምጡና መሬቱ የሄደበትን ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይስሙት፤ ካሳው ለአፈሩም ይታሰብ እንደሆነ ይጠይቁት። መጻፍ ለማይችል እኔ ያለ ክፍያ እጽፍለታለሁ።