ከሬዚደንሲ ስባረር ማንም ያልነገረኝ

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ተባረርኩ። ከጅማ ውጭ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን አልጠራም። ተከራክሬ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው ነገ የስንብት ደብዳቤ ይዛ ግራ ለምትጋባ ሐኪም ነው።

ደብዳቤው «በሥነ ምግባር ጉድለት ከፕሮግራሙ ተሰናብተዋል» ይላል። የቱ ጉድለት? መቼ? ማን ከሰሰኝ? ምንም የለም። ከዚያ በፊት የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ የዲውቲ (የተረኝነት) ድልድሉ አድሎ አለበት ብዬ ነበር። የግምገማ ውጤቴ ጥሩ ነው። የሠራሁት የሚመዘገብበት ሎግ ቡኬም ተፈርሟል።

ጅማ ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ። እናቴ ሽማግሌ እንላክ አለች። ሲኒየሮቼ «ውስጥ ለውስጥ ጨርሺው» አሉኝ። የትምህርት ክፍሉም ምክር ይኸው ነበር። እኔ አልስማማም። ሽማግሌ የሚያመጣልሽ ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ ከተባለ ደግሞ ጥፋቱን አምነሻል ማለት ነው። መጀመሪያ ወረቀት!

ፈረንጅ አራዳ ያገኘሁት ጠበቃ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን አሳየኝ። በአንድ ሰው ላይ የሚወስን የፌዴራል ተቋም ሰውየውን መስማት፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ ከነምክንያቱ መስጠት አለበት። ካልሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ይሄዳል። አቤቱታውን በዚያው ማታ ጻፍን።

ያቃጠለኝ ማስገባቱ ነው። መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ አነበበችውና «ዶክተር፣ ዲኑ ሳያዩት አልቀበልም» አለችኝ። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ደግሞ መስክ ወጥተዋል። ከዚያ «ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ስጪው» ተባልኩ። ያባረረኝ እሱ ነው እኮ! ተቀብሎኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ማኅተም የለው። ስመለስ «የምን አቤቱታ?» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። የይግባኝ ጊዜው እየነጎደ ነበር፤ እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አንድ ማኅተም ለመምታት የሰው ሕይወት ማጉላላት ምን ይባላል? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጅማ ተመልሼ ፖስታ ቤት ሄድኩና በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፤ ግልባጭ ለጤና ሚኒስቴርና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። ደረሰኙ ላይ ቁጥርም ቀንም አለ። አልደረሰንም ማለት ቀረ። ጉባኤ ጠሩኝ። «ክሱን አንብቡልኝ» አልኩ። የሚነበብ ነገር አልነበራቸውም። ስንብቱ ተሻረ። በዚያ ቀን በራሴ ኮራሁ፤ አልደብቅም።

መዝገብ ቤት እምቢ ካለሽ አትለማመጪ፤ በቀጥታ ፖስታ ቤት ሂጂ። የግምገማ ፎርሞችሽንና ሎግ ቡክሽን መታወቂያሽን ሳይቀበሉሽ ፎቶ ኮፒ አድርጊ፤ በኋላ በሩንም አያስገቡሽም። ስፖንሰርሽ ለሆነው ጤና ቢሮም ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቂ። ደመወዝ የሚከፍልሽ፣ የአገልግሎት ግዴታም የፈረምሽለት እሱ ነው። የእኔ ስፖንሰር ወሬውን ከእነሱ ሰምቶ ደመወዜን አቆመ። ከተመለስኩም በኋላ ውዝፉ አልተከፈለኝም። አሁን የምከራከረው በእሱ ነው።