ከለቡ እስከ ለገሃር፣ በፒፒፒ በኩል

ከድሬዳዋ በባቡር ነው የመጣሁት። መንገዱን አላወራም። አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት፣ መሃል ላይ ነቅቼ ከቤት የያዝኩትን ሳንቡሳ በላሁ፣ እንደገና ተኛሁ። ጣጣው የጀመረው ስደርስ ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ያለው ለቡ ነው፣ ከተማው ዳር፤ እኔ የምሄደው ደግሞ መሃል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ አንድ ባለ ታክሲ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ካዛንቺስ? 1,500" አለኝ። በ1,500 ብር ድሬ ላይ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ግማሽ ቀን እዞራለሁ፣ ሹፌሩንም ምሳ እጋብዛለሁ። ተከራከርን፣ በ900 ተስማማን። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ "ለሻንጣው 100 ይጨምራሉ" አለኝ። አቦ፣ ሻንጣው ብቻውን ሊመጣ ኖሯል እንዴ? ከፈልኩ። ስልኬ ላይ የታክሲ መተግበሪያ እንዳለ ትዝ ያለኝ ጎተራ ስንደርስ ነው።

የመጣሁት ለሦስት ቀን ሥልጠና ነው። ርዕሱ "የመንግሥትና የግል አጋርነት በመሠረተ ልማት" ይላል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሁላችንም ፒፒፒ ነው የምንለው። እውነቱን ለመናገር የተመደበው ሌላ ሰው ነበር። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለቀረ እኔን ተኩኝ። አበሉ አይከፋም፣ ለገሃርን ካየሁም ስንት ዓመቴ ነው፣ እሺ አልኩ።

ማደሪያዬ ካዛንቺስ ዳር ያለች እንግዳ ማረፊያ ናት። ስሟን ልተወው። ለድሬ ልጅ የአዲስ አበባ ማታ ቅጣት ነው። ጃኬቴን ሳላወልቅ ተኛሁ፣ አልሆነም፣ ወርጄ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ጠየቅኩ። እንግዳ ተቀባይዋ "ከየት ነው የመጡት?" አለችኝ። "ከድሬ።" "ውይ፣ እንግዲያው አራተኛም ይውሰዱ" ብላ ሁለት ሰጠችኝ። እግዜር ይስጣት። ገና ሙቀት ሲሰማኝ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ መስኮቴ ሥር የድንጋይ መስበሪያ ተነሳ። ከተማው እንዳለ ሥራ ላይ ነው፣ ቀን የለ ሌት የለ። ጠዋት ሻወሩን ስከፍት ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቁ "እየመጣ ነው" ተባለ። ሦስት ቀን ሙሉ እየመጣ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳኝ ስለ ስሙ አሰብኩ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የቀረው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋማቸው ስም ነው። ለገሃር ደግሞ በፈረንሳይኛ "ጣቢያው" ማለት ነው። የሠራው ሰው ሄዶ ስሙ እኛ አፍ ላይ ይቀራል።

ሥልጠናው ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር። አሰልጣኙ እጅጌውን ሰብስቦ የሚያወራ፣ ስላይዱን የማያነብ ሰው ነው። መጀመሪያ ያደረገው ግራ ያጋባንን ማጥራት ነው። ፒፒፒ ንብረት መሸጥ አይደለም፤ ባለሀብቱ ገንብቶ፣ ለተወሰነ ዓመት አስተዳድሮ ያስረክባል። ተራ የግንባታ ጨረታም አይደለም። ተራ ጨረታ ላይ ኮንትራክተሩ መንገዱን ሠርቶ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢቦረቦር የኛ ጉዳይ ነው። ፒፒፒ ላይ ግን የሠራው ሰው ራሱ 20 እና 30 ዓመት ስለሚያስተዳድረው፣ ጉድጓዱ የራሱ ኪስ ጉድጓድ ነው። በኛ አገር ሕጉ የወጣው በ2010 ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1076። ጉዳዩን የሚይዘው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ ፕሮጀክት የሚያጸድቅ ቦርድም አለው።

ከዚያ "ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ፒፒፒ የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀ። አንዱ የፀሐይ ኃይል አለ፣ አንዱ የፍጥነት መንገድ አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። አያቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ ሰዓቱን በባቡሩ ፉጨት ነበር የሚያስተካክለው፣ ባቡሩ ሲዘገይም ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ ይናደዳል። ስለዚህ ይሄ ጥያቄ የኔ ነው። "ባቡሩ ነዋ!" አልኩ። "በ1886።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ኮንሴሽን፣ ማለትም ሠርቶ የማስተዳደር ፈቃድ፣ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፣ ለ99 ዓመት። ከፈረንሳዊው ሼፍኖ ጋር ኩባንያ ተቋቋመ፣ ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐዲዱን የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም፣ ባለሀብቶቹ ደግሞ መሬቱና ፈቃዱ አልነበራቸውም። ከዚህ የበለጠ ፒፒፒ ከየት ይመጣል? መስመሩ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን ገንዘብ ይበላል፣ ስለዚህ ታች በሜዳው ሄደ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ድሬ የተቆረቆረችው ያኔ ነው። የኛ ከተማ የወጪ ቅነሳ ልጅ ናት ብል የሚቀየመኝ አይጠፋም። ከዚራ የሚባለው የድሬ ሰፈር ላይ ዛፍ ተክሎ፣ መንገዱን በመስመር አስምሮ የሠፈረው ያው የባቡር ኩባንያው ነው።

ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው እጅ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት ገባ፣ ከኩባንያው ጋር ለብቻው ውል ተፈራረመ፣ ምኒልክን ሳያማክር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ። ምኒልክ ተቆጡ፣ ውሉንም አልተቀበሉም። ኩባንያው ከሰረ፣ አዲስ ኮንሴሽን ተሰጠ፣ አዲስ ኩባንያ መጣ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከድሬ አዲስ አበባ 14 ዓመት! እኔ እንቅልፌን ሳልጨርስ የደረስኩበትን።

አዳራሹ ሳቀ። አሰልጣኙ ግን አልሳቀም፣ ሰሌዳው ላይ "ዋስ ማን ነው?" ብሎ ጻፈ። "ይሄን ሁለት ቀን እናወራበታለን" አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ በእግሬ ወጣሁ። ከስታዲየም ወደ ለገሃር መንገዱ አምሯል፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት። እኔ ግን ጥላ ነው የምፈልገው። ድሬ ላይ ሰው መንገድ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዛፉ የት ነው ብሎ ነው። ከራሴ በላይ ቀላል ባቡሩ በድልድዩ ላይ አለፈ። እሱ ፒፒፒ አይደለም። በ2008 መስከረም ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር። ያኔ ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በብር፣ ሁሉም ስጋት መንግሥት ጫንቃ ላይ። በ2 ብር ትኬት ዶላር እስኪከፈል ስንት ሰው መሳፈር እንዳለበት ለማስላት ሞከርኩ፣ ሆዴ ስለጮኸ ተውኩት።

እዚያው መንገድ ዳር አንድ አዲስ የሕዝብ መፀዳጃ ቤት አለ። ገባሁ፣ 10 ብር። ንፁህ ነው፣ ሳሙናም አለ። ስወጣ በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከቢጫ ጀሪካን ውሃ በጆግ እየቀዳች እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

"ቧንቧው ምን ሆነ?"

"ውሃ ከሄደች ሁለት ቀኗ ነው ጋሼ።"

አምስት ናቸው፣ ተደራጅተው ነው የሚሠሩት። ቤቱን የሠራው መንግሥት፣ እነሱ በየወሩ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ያጸዳሉ፣ የተረፈውን ይካፈላሉ። ሮቶው ባዶ ሲሆን ጀሪካን ይገዛሉ፣ አንዱን በ40 ብር። በቀን 15 ጀሪካን። 600 ብር ማለት ነው፣ 60 ሰው በነፃ ገብቶ እንደወጣ ቁጠሩት።

"ዘግታችሁ ብትጠብቁስ?"

"ከዘጋን ወረዳ መጥቶ ይቀጣናል። ውሃዋን ያጠፋናት ግን እኛ አይደለንም።" ከዚያ ሳቅ አለችና "ጋሼ፣ የሚሠሩት ከቢሮ ነው አይደል? ሁኔታዎ ያስታውቃል" አለችኝ።

ስለ ሥልጠናው ነገርኳት። ውላቸው ስለ ውሃ ምን እንደሚል ጠየቅኳት። አላነበበችውም፣ ሊቀመንበራቸው ጋ ነው። ነገ ይዛው እንድትመጣ ተነጋገርን።

ለገሃር ደርሼ የይሁዳ አንበሳውን አየሁት። ጣሊያኖች ሮም ወስደውት የነበረው ነው፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆሟል። ከጀርባው የድሮው ጣቢያ። አያቴ ሲያወራልኝ በጣም ትልቅ ይመስለኝ ነበር። ትንሽ ነው። ዙሪያው ያለው 36 ሄክታር፣ መቀመጫው አቡ ዳቢ የሆነው ኢግል ሂልስ የሚባል ኩባንያ ትልቅ የከተማ ልማት ሊሠራበት በኅዳር 2011 ይፋ የተደረገ ቦታ ነው። ፎቶ ላነሳ ስል አንድ ጥበቃ በጣቱ አይሆንም አለኝ። ተከራክሬ አልረታም፣ ጉልበቴን ለማታው ብርድ አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው ቀን ስለ ስጋት ብቻ ነበር። ሠንጠረዥ ሰጡን፣ በአንድ በኩል የስጋት ዓይነት፣ በሌላው ማን ይሸከመው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ስጋቱ ሊቆጣጠረው ለሚችለው ይሰጥ። መሬት ማስለቀቅ የመንግሥት ነው፣ ባለሀብቱ ሰው ቤት ገብቶ ተነሱ ማለት አይችልም። ግንባታው ከዘገየ ወይ ወጪው ካበጠ የባለሀብቱ ነው። ተጠቃሚ ሳይመጣ ቢቀርስ? እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ፣ ሻይ ሰዓት አለፈ። ትልቁ ጠብ ግን ውጭ ምንዛሬ ላይ ነው። ሶማሌ ክልል ጋድና አፋር ዲቼቶ ላይ ሊሠሩ ታስበው የነበሩትን እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው ኩባንያ አክዋ ፓወር ሲያሸንፍ ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ርካሽ ነው። ግን በሳንቲም ነው፣ በብር አይደለም። መብራት የሚከፍለው ሰው ብር ይከፍላል፣ ባለሀብቱ ዕዳውን በዶላር ይከፍላል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ልዩነት ማን ይሸፍን? መንግሥት ዋስ ከሆነ ዕዳው ዞሮ የሕዝብ ነው። ዋስ ካልሆነ ባንክ አያበድርም። አሰልጣኙ መልስ አልሰጠንም፣ ሁሉም አገር በየውሉ ይጨቃጨቅበታል አለን። ይሄን ማመኑ ደስ አለኝ።

እኔ የልጅቷን ውሃ አነሳሁ። መጀመሪያ ሳቁ፣ መፀዳጃ ቤት ስለሆነ። አሰልጣኙ ግን ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ "ግብዓት መቋረጥ"። ውሃ የሚለቀው መንግሥት ከሆነ፣ ውሃ በጠፋበት ቀን ኪራዩ መቀነስ አለበት፣ ቢያንስ ቅጣቱ መቅረት አለበት፣ ትልልቆቹ ውሎች ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል አለ።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ውሉን በፕላስቲክ ጠቅልላ አምጥታለች። ሦስት ገጽ ነው፣ ማህተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ቆመን አነበብነው። ኪራይ አለ፣ ንፅህና አለ፣ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው ይላል፣ ቅጣት አለ። ስለ ውሃ አንድም ቃል የለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን "ማኅበሩ አገልግሎቱን ያለማቋረጥ ይሰጣል" የሚል አገኘን።

ጣቷን "ያለማቋረጥ" የሚለው ላይ አድርጋ ቆየች። "ለካ እዚች ጋ ነው የገባነው" አለች።

አሰልጣኙ ያለውን ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ጻፈችው፣ አንዴ "ግብዓት ማለት ውሃዋ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። ውሉ የሚታደሰው ሰኔ ላይ ነው። "ማን ይሰማናል ብለው ነው ጋሼ፣ ግን እናነሳዋለን" አለችና ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው። 10 ብር ሰጠሁ፣ አልቀበልም አለች። ቡና ጠጣሁና የቡናውን አስቀበልኳት። ቧንቧው ያን ቀን ውሃ ነበረው።

ወደ ለቡ በመተግበሪያው ጠራሁ፣ 640 ብር። ሻንጣው በነፃ።