ጋሼ፣ ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?

ጁን 2020 ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ እሠራ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ያለው ሰሞን ነው። እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ ሱቅ ተዘርፎ፣ መስታወት ረግፎ፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል። የእኛ ሱቅ ወረፋ ከበር ውጭ ተርፎ ፓርኪንጉ ላይ ደርሷል። በዚያ ወር ብቻ መሣሪያ ገዢዎች በሚጣሩበት የኤፍቢአይ ሥርዓት በመላ አሜሪካ ያለፈው ጥያቄ ከ3.9 ሚሊዮን በላይ ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ወር ታይቶ አያውቅም። የ9 ሚሊሜትር ጥይት ለአንድ ሰው ከአንድ ፓኮ በላይ አንሸጥም ነበር።

በዚህ መሃል አንድ የእኛ ሰው መጡ። ስልሳውን ያለፉ ባለታክሲ ናቸው። ባልደረባዬ ቀድሞ ይዟቸዋል። ባንኮኒው ላይ ኤአር-15 የሚባለውን ጠመንጃ ዘርግቶላቸዋል፤ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ መብራት፣ ትርፍ የጥይት ካዝና፣ ሁሉም ተሟልቶ። ጋሼ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው፣ ጣታቸውን ከቃታው አርቀው ነው የያዙት። ውትድርና የነበሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል።

«ክላሽ ተንተርሼ በረሃ ያደርኩ ሰው ነኝ። ይሄማ አያቅተኝም» አሉኝ፣ በአማርኛ ሰላም ስላቸው።

«እሱስ አያቅትዎትም። ቤት ልጆች አሉ?»

«የልጄ ልጆች ከእኛ ጋር ናቸው።»

«ጋሼ፣ ልጆቹ የት ነው የሚተኙት?»

ይሄ ደግሞ ምን አገባው በሚል ዓይን አዩኝ። ደረሰኝ ገልብጬ እስክሪብቶ ሰጠኋቸውና ቤቱን እንዲስሉልኝ ለመንኳቸው። ሳሉ። የእሳቸው መኝታ ቤት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ የመግቢያውን በር ፊት ለፊት ያየዋል። የልጆቹ ክፍል እዚያው መግቢያው አጠገብ ነው።

«በሩን ሰብሮ የገባ ሰው እዚህ ጋ ቆመ እንበል። እርስዎ ከየት ነው የሚተኩሱት?»

ጣታቸውን ከመኝታ ቤታቸው አስነስተው በኮሪደሩ ወሰዱት። የልጆቹ ክፍል አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ግድግዳ አለ እኮ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

አገር ቤት ግድግዳ ሲባል ድንጋይ ነው፣ ብሎኬት ነው። እዚህ አፓርታማ ውስጥ ግን ክፍልን ከክፍል የሚለየው በሁለት ወገን የተለጠፈ ስስ ጂፕሰም ነው፤ መሃሉ ባዶ። ሰው የማቆም ጉልበት ያለው ጥይት ያንን በስቶ ያልፋል። የሽጉጡም፣ የሾትገኑም፣ የጠመንጃውም። ባልደረባዬ «ቀላሉ የኤአር ጥይት ግድግዳ ሲነካ ስለሚበታተን ከሽጉጥ ጥይት ይሻላል» ብሎ ተከራከረኝ። እውነትነት አለው፤ አንዳንዱ ጥይት እንደዚያ ነው። ግን ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የተኛ ሕፃን ከሆነ የተበታተነውም ይበቃዋል።

እና መጀመሪያ የነገርኳቸው ምንም የማይሸጥ ነገር ነው፤ ክፍል ተቀያየሩ አልኳቸው። ልጆቹ ወደ ውስጥ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ወደ መግቢያው። ያኔ የሚተኩሱበት አቅጣጫ ከልጆቹ ይርቃል። ከዚያ ስለ ማስቀመጫ አወራን። ጠመንጃው ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቆም ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ድብብቆሽ የሚጫወቱት እዚያው ነው። ሕጉ ከሽጉጥ ጋር ቁልፍ ሳንሰጥ እንዳንሸጥ ያስገድደናል፤ ለጠመንጃ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ቨርጂኒያ ደግሞ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ በቸልተኝነት ትቶ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅን ለአደጋ ባጋለጠ ሰው ላይ ቅጣቱን ከጁላይ 1 ጀምሮ እስከ 12 ወር እስር አድርሳው ነበር።

በመጨረሻ መካከለኛ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥና አልጋ ሥር የሚታሰር፣ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን መረጡ። ፎርሙን ሞሉ። ሲወጡ «ተባረክ ልጄ» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። እንግዶቹ ፊት ጠራኝ። «ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሽያጭ ሰባት መቶ ላይ ጣልከው። ሰውዬው የጠየቀህን ስጠው። የፈራ ሰው ምክር አይፈልግም» አለኝ።

«የፈራ ሰውማ ነው ምክር የሚያስፈልገው» አልኩት። የፈራ ሰው በሽብር ሰሞን መጥቶ መሣሪያ ሲገዛ፣ የሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ያለውን እሳት ነው። ኮሪደሩን የሚያሳየው ሰው ካልተገኘ ቤቱን ረስቶ ይገዛል። ይህንን ባንኮኒው ጀርባ የቆመ ሰው ካልነገረው ማን ይንገረው?

መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ስመጣ ስሜ ከሽያጭ ፕሮግራሙ ወጥቷል። ወረፋው እስኪቀንስ ድረስ ጓዳ ሆኜ ጥይት ስቆጥር ከረምኩ። ባልደረባዬ ያንኑ ኤአር፣ ከነመነጽሩ ከነመብራቱ፣ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ሸጦት ነበር። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የጠየቀው የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።