አክስቴ ጋ፣ ባሕሩ አጠገብ

ሰሞኑን አክስቴ ጋ ነበርኩ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ። ሙቀቱ አይጣል ነው! ጠዋት በጊዜ እንወጣለን፤ ፀሐይዋ በምትከርርበት ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ግን ከጥላ ንቅንቅ የለም። ጨዋታው የሚደራውም ያኔ ነው፣ የአክስቴ ልጆች የልጅነታችንን ነገር እየተቀባበሉ ሲያወሩ እሷ ስትስቅ ትቆይና «ውሃ ጠጡ እንጂ ልጆቼ!» ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይመጣል። የብሱ ከባሕሩ ቶሎ ስለሚግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከውሃው በኩል ይተካዋል። እፎይ!

አመሻሽ ላይ እንዋኛለን። ትንሿ የአክስቴ የልጅ ልጅ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ማዕበል በመጣ ቁጥር ትዘላለች፤ ክንዷ ላይ ጨው ደርቆ ነጭ ነጭ ብሏል። በጣም ነው የወደድኳት።

በሚቀጥለው እናቴንም ይዤ ነው የምሄደው፣ እህትማማቾቹ ከተያዩ ቆይተዋል።