«ደህና ነሽ?» መጠየቅ አይደለም

ወሎ ገጠር አራሷ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ኬላ ስትመጣ የሚመዘነው ልጁ ነው፤ እሷ «ደህና ነሽ?» ስትባል «ይመስገን» ትላለች፣ አለቀ። አማት አጠገቧ ካሉማ ጭራሽ! ከወሊድ በኋላ ድብርት ይዟት እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ለብቻዋ ያድርጓት። ከዚያ፦ «ልጁ ሲተኛ አንቺንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» እሱ ተኝቶም እሷ ካፈጠጠች ልብ ይበሉ።

የአራስነት ሆደ ባሻነት በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካለፈ ድብርት ይጠርጠር፤ በተለይ ቀድሞ ድብርት ለነበረባት፣ የባል ዱላ ላለባት፣ ሳታስበው ላረገዘች፣ በአራስነቷ የሚንከባከባት ሰው ላጣች።

የአራስ ድብርትን ለመለየት የሚያገለግለው የኤደንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄ አለው፣ ከ30 ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜ 13ና ከዚያ በላይ ወደ ጤና ጣቢያ ያስልካል። ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው 10ኛው ላይ ከዜሮ ሌላ ካለች ግን ድምር አይጠበቅም፤ ብቻዋን ሳትተው በዚያው ቀን ትላክ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሪፈሩን ግን አያዘግይ።